የፊዚክስ መጽሐፍ ሲገዙ ስሙ እንዳያሳስትዎ

ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ወላጅም ሆነ መጻሕፍት አስመጥቶ የሚቸረችር ነጋዴ፣ ስለ መግቢያ ፊዚክስ መጻሕፍት በቅድሚያ የሚጠይቀው ዋጋቸውን ነው። ይሁን እንጂ ከዋጋው በፊት መታየት ያለበት ጉዳይ አለ። ይኸውም መጽሐፉ ካልኩለስ የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑ ነው።

በዚህ ገበያ ሁለት ዓይነት ሸቀጥ አለ። «ኮሌጅ ፊዚክስ» የሚል ርእስ ያላቸው መጻሕፍት በአብዛኛው በአልጀብራና በትሪጎኖሜትሪ ብቻ የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ የባዮሎጂና የጤና ተማሪዎችን ያስባሉ። «ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ» ወይም «ፊዚክስ ለሳይንቲስቶችና ለመሐንዲሶች» የሚሉት ግን ካልኩለስ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ስሞቹ የሚለዩት የተቋሙን ደረጃ ሳይሆን የሒሳቡን ክብደት ነው። የሃሊዴይ፣ የሬስኒክና የዎከር «ፈንዳሜንታልስ ኦፍ ፊዚክስ» ደግሞ ስሙ «መሠረታዊ» የሚል ቢመስልም የካልኩለስ መጽሐፍ ነው። ለምህንድስና ተማሪ በአልጀብራ የተጻፈውን የገዛ ወላጅ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ያለ ጥናት ያስመጣው ነጋዴም ገንዘቡን መደርደሪያ ላይ አስሮ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ እትም ነው። የኒውተን ሕጎች በአዲስ እትም አይለወጡም። በአብዛኛው የሚለወጡት የመልመጃ ጥያቄዎቹና ተራ ቁጥራቸው ናቸው። መምህሩ የቤት ሥራ የሚሰጠው በጥያቄ ቁጥር ከሆነ እትሙ ወሳኝ ነው። አለበለዚያ አሮጌው እትም በአነስተኛ ዋጋ ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል።

ዋጋም ከአገር አገር ይለያያል። አንድ ታይላንዳዊ ተማሪ፣ የሃሊዴይ መጽሐፍ አሳታሚ የሆነው ዋይሊ ለእስያ ገበያ በርካሽ ያሳተማቸውን መጻሕፍት ከአገሩ እያስመጣ አሜሪካ ውስጥ በመሸጡ ተከሶ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ለተማሪው ፈርዷል።

በሌላ በኩል በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት የሆነው ኦፕንስታክስ «ኮሌጅ ፊዚክስ»ን እ.ኤ.አ. በ2012፣ «ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ»ን በ2016 በኢንተርኔት በነፃ አቅርቧል። ይህ ለገዢው ጥሩ መመዘኛ ነው። የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ የሚያስረዳውን ምዕራፍ ከነፃውና ከሚሸጠው መጽሐፍ ጎን ለጎን አንብቦ፣ ተጨማሪው ገንዘብ ምን እንደሚያስገኝ ማየት ይቻላል።

ነጋዴውም ቢሆን በጅምላ ከማዘዙ በፊት መምህራን ለኮርሱ የመረጡትን መጽሐፍና እትም ይጠይቅ። ጥያቄው ወጪ የለውም፤ ያልተሸጠ መጽሐፍ ግን አለው።