ስንጥቅ ያለበት ቤት፦ ከቀብድ በፊት የሚነገሩ ተረቶችና እውነታው

ለቡ፣ ጀሞ፣ ሃና ማርያም ወይም መካኒሳ ቤት ሲያፈላልግ የሰነበተ ሰው ይህን ያውቀዋል። ገዢው ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ጣሪያው የወጣ ስንጥቅ ያያል፤ ደላላው «ምንም አይደል» ይላል፤ ወሬው ወደ ካርታውና ወደ ዋጋው ይሻገራል። ካርታውን በጠበቃ የሚያስመረምር ገዢ ስንጥቁን ለስትራክቸራል መሐንዲስ ሳያሳይ ቀብድ ይከፍላል። ያሳዝናል፤ ብዙ ቤተሰብ በዕድሜው የሚገዛው ቤት አንድ ነውና።

ተረት፦ «የልስን ስንጥቅ ነው፤ ቀለም ሲቀባ ይጠፋል»

አንዳንዴ እውነት ነው። ልስኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ፣ ወይም ኮለኑና ብሎኬቱ በሚገናኙበት መስመር ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም። ከበርና ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚሄድ፣ የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወጣ፣ ከውስጥም ከውጭም በአንድ ቦታ የሚታይ ስንጥቅ ግን ሌላ ነው፤ መሠረቱ እኩል እንዳልተንቀሳቀሰ ያመለክታል። የእንግሊዝ የሕንፃ ምርምር ተቋም መለኪያ እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሰፋውን የግድግዳ ስንጥቅ በመልክ ጉዳት ይመድበዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው በሩንና መስኮቱን እያጣበቀ፣ ሲብስም ግድግዳውን እያሰጋ ይሄዳል። ቀለሙም ይናገራል፦ ስንጥቁ ውስጥ ቀለም ከገባ ከቀለሙ በፊት የነበረ ነው፤ አዲሱን ቀለም ሰንጥቆ ከወጣ ገና እየሠራ ነው። ኮለን ወይም ቢም ተሰንጥቆ የዛገ ፌሮ ከታየ ስፋቱን መለካት ሳያስፈልግ ባለሙያ ይጠራ።

ተረት፦ «ይህ ሁሉ ክረምት አልፎበት ቆሟል፤ ከእንግዲህ የትም አይሄድ»

ከሁሉም የሚጎዳው ይህኛው ነው። እነዚህ ሰፈሮች የሚገኙበት የአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ብዙ ቦታው ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር ሸክላ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እየተሰነጣጠቀ ይኮማተራል። ቪላ ቤትና የግንብ አጥር ቀላል ስለሆኑ እብጠቱን አፍነው መያዝ አይችሉም፤ ከባዱ ፎቅ ይሻላል። ከወለሉ ሥር መሃል ያለው አፈር እርጥበቱን ይዞ ሲቆይ ዳር ዳሩ ከወቅቱ ጋር ይነሳል፣ ይወርዳል። ዐሥር ክረምት ያለፈበት ቤት እንግዲህ ዐሥር ጊዜ ተነስቶ ወርዷል ማለት ነው። አሸንዳው ግድግዳው ሥር የሚያፈስ፣ ሴፕቲክ ታንኩ የሚያንጠባጥብ፣ አጠገቡ ባሕር ዛፍ የተተከለ ከሆነ ልዩነቱ ይብሳል።

ጠንቃቃ አሠሪ ዋልካውን አስቆፍሮ በሰሌክት ማቴሪያል ያስተካል፤ ወይም መሠረቱን ከዋልካው በታች ያወርዳል። ይህ መደረጉ ከላይ አይታይም። መሐንዲሱ ከመሠረቱ ጎን ትንሽ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው፣ የስትራክቸር ፕላኑንና የአፈር ምርመራ ውጤቱን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ስንጥቁ ቆሟል ወይስ ይሰፋል የሚለውን ለመለየት ደግሞ ምልክት አድርጎ ለወራት ሊከታተል ይችላል።

ተረት፦ «ባንክ ገምቶታል»

ባንኩ የሚገምተው ለብድሩ መያዣ የሚሆነውን ዋጋ ነው። የመሠረት ምርመራ አይደለም።

ተረት፦ «ጉድለት ቢገኝ ሻጩ ይጠየቃል»

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ ለተሸጠው ነገር ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። በዓይን የሚታይ፣ ገዢው ሊያውቀው ይገባው የነበረ ጉድለት ላይ ግን ይህ መከራከሪያ ይደክማል። ሳሎኑ ውስጥ ቆመው ያዩትን ስንጥቅ «አላወቅሁም» ብለው ፍርድ ቤት ማስረዳት ከባድ ነው።

ተረት፦ «መሐንዲስ ካመጣን ግዢው ይፈርሳል»

ሪፖርቱ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የሚጠገን ነገር ነው፦ የአሸንዳ ውኃን ከቤቱ ማራቅ፣ የሚያፈስ ቱቦ መቀየር፣ ዙሪያውን በኮንክሪት ማልበስ። የጥገናው ወጪ ከታወቀ ዋጋ ላይ መነጋገር ይቻላል። መሠረቱን ማጠናከር ካስፈለገ ደግሞ ገንዘቡ ከእጅዎ ሳይወጣ ማወቁ ይሻላል።

ስለዚህ መሐንዲሱን የሚመርጡትም የሚከፍሉትም እርስዎ ይሁኑ፤ ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣው አይሁን። ሪፖርቱን በጽሑፍ ይቀበሉ፣ ቀብዱንም ከዚያ በኋላ ይክፈሉ።