ከኩሬው በፊት ጫጩቱ፦ የዓሣ እርባታ ምርምር ለኢትዮጵያ አርሶ አደር ያለው ትርጉም

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ እንደተመለከተው፣ በ2022 በዓለም ላይ በእርባታ የተገኘው የዓሣና የሌሎች የውሃ እንስሳት ምርት 94.4 ሚሊዮን ቶን ደርሶ፣ ከባሕር፣ ከሐይቅና ከወንዝ ተጠምዶ የሚገኘውን ምርት ለመጀመሪያ ጊዜ በልጧል። በኢትዮጵያ ግን ለገበያ የሚቀርበው ዓሣ ዛሬም ከሞላ ጎደል ሁሉም ከጣና፣ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከአባያ፣ ከጫሞና እነዚህን ከመሳሰሉ ሐይቆችና ግድቦች በመረብ የሚወጣ ነው። በዐቢይ ጾም ወቅት ፍላጎቱ ሲያሻቅብ በሐይቆቹ ላይ የሚያርፈው ጫና አብሮ ይጨምራል፤ ገና ዕንቁላል ያልጣሉ ትንንሽ ዓሦች በጠባብ መረብ ተጠራርገው ስለሚወጡም የነገው ምርት ዛሬ ይበላል። የዓሣ እርባታ በኢትዮጵያ መስፋፋት አለበት የሚለው ሐሳብ መነሻው ይኸው ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ዓሣን ከወተት፣ ከዶሮና ከማር ጋር አሰልፎ ለጉዳዩ አዲስ ትኩረት ሰጥቶታል።

ይሁን እንጂ ኩሬ መቆፈርና ዓሣ ማርባት አንድ አይደሉም። ጉድጓድ መቆፈር፣ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሰርግ የፕላስቲክ ምንጣፍ) ማንጠፍና ውሃ መሙላት በጥቂት ሳምንታት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ጫጩት ይገባል፣ ምን ይመገባል፣ ውሃው በሌሊት ምን ያህል ይቀዘቅዛል የሚሉት ጥያቄዎች ግን መልሳቸው በቁፋሮ አይገኝም። ምርምር የሚያስፈልገው ለእነዚህ ጥያቄዎች ሲሆን፣ በሰበታ የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል፣ እንዲሁም የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲመላለሱባቸው ቆይተዋል።

በኢትዮጵያ ኩሬዎች በብዛት የሚረባው ቆሮሶ፣ በዓለም ገበያ ናይል ቲላፒያ ተብሎ የሚታወቀው ዓሣ ነው። ቆሮሶ ለእርባታ የተመቸው በውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ጥቃቅን ዕፀዋትን እየተመገበ ስለሚያድግ፣ ከሌሎች ዓሦች ይልቅ የኦክስጅን እጥረትን ስለሚታገሥና ሥጋው ስለሚወደድ ነው። ሆኖም ይህ ዓሣ ለአርቢው ትልቅ ፈተና የሚሆን አንድ ጠባይ አለው፤ በኩሬ ውስጥ ገና በጥቂት ወራት ዕድሜው፣ ለገበያ የሚበቃ ክብደት ሳይኖረው፣ መራባት ይጀምራል። እናቲቱ ዕንቁላሏንና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች በአፏ ይዛ ስለምትጠብቃቸው አብዛኞቹ ይተርፋሉ። ስለዚህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጫጩቶች የገቡበት ኩሬ ከአንድ ዓመት በኋላ በሺዎች በሚቆጠሩ፣ ከመዳፍ በማይበልጡ፣ ምግብና ኦክስጅን በሚሻሙ ዓሦች ይሞላል። አርቢው በዓሣ ብዛት ቢደሰትም ገበያ የሚያወጣው አያገኝም። ብዙ ገበሬዎች ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሥራውን የሚተዉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለዚህ ችግር ምርምር ያቀረበው ዋነኛ መፍትሔ ወንዶቹን ብቻ ማርባት ነው፤ ወንዱ ቆሮሶ ጉልበቱን በመራባት ላይ ስለማያባክን ከሴቷ በፍጥነት ይከብዳል፤ ሴት በሌለበት ኩሬ ውስጥም መጣበብ አይፈጠርም። ወንዶችን ብቻ የማግኛው ቀላሉ መንገድ ዓሦቹ 20 ወይም 30 ግራም ገደማ ሲመዝኑ አንድ በአንድ እያዩ በእጅ መለየት ቢሆንም፣ ሥራው አድካሚ ነው፤ ከመካከላቸው ጥቂት ሴቶች ማምለጣቸውም አይቀርም። በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው ዘዴ ደግሞ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት የወንድነት ሆርሞን የተቀላቀለበት መኖ መመገብ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የጫጩቱ ፆታ ገና ስላልጸና በዘሯ ሴት የነበረችው ወንድ ሆና ታድጋለች። ዓሣው ለምግብ የሚደርሰው ከወራት በኋላ በመሆኑ ሆርሞኑ በሥጋው ውስጥ አይቆይም ተብሎ ቢታመንም፣ መኖውን የሚያዘጋጀው ሠራተኛ የሚጋለጥበት አደጋና ከመፈልፈያው የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ወደ ወንዝ መግባቱ ቸል የሚባሉ አይደሉም። እንዲህ ያለው ሥራ በየገበሬው ጓሮ ሳይሆን ባለሙያ በሚቆጣጠረው መፈልፈያ ብቻ ሊከናወን ይገባል።

ሦስተኛው መንገድ ሙቀት ሲሆን፣ በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ውሃዎች በዓለም የምርምር ጽሑፎች ውስጥ ስፍራ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ከጋናው ቮልታ፣ ከኢትዮጵያ ደግሞ ከቆቃና ከመተሃራ የተገኙ ቆሮሶዎችን አነጻጽረው፣ ገና በጨቅላነታቸው ከፍተኛ ሙቀት ባለው ውሃ ውስጥ የቆዩ ጫጩቶች ፆታ ወደ ወንድነት ሊያዘነብል እንደሚችል አሳይተዋል። ዘዴው ሆርሞን የማይጠይቅ ቢሆንም ውጤቱ ከአንዱ የዓሣ ቤተሰብ ወደ ሌላው ስለሚለያይ እስካሁን ወደ ተራው አርቢ አልወረደም። እስከዚያው ድረስ ለአነስተኛ ገበሬ የሚቀርበው ምክር አምባዛን ከቆሮሶ ጋር መቀላቀል ነው፤ አምባዛ ሥጋ በል ስለሆነ ትርፍ ጫጩቶችን እየለቀመ ኩሬውን ከመጣበብ ይጠብቃል፣ ራሱም ተሽጦ ገቢ ያስገኛል። አምባዛው ግን ከቆሮሶው ያነሰ ሆኖና ዘግይቶ መግባት አለበት፤ አለበለዚያ ለመቆጣጠሪያ የገባው ዓሣ ዋናውን ምርት ይበላዋል።

ከፆታ ቀጥሎ የሚነሳው የዘር ጥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በፊሊፒንስ የተጀመረውና በኖርዌይ ባለሙያዎች የታገዘው የቆሮሶ ዘር ማሻሻያ ሥራ፣ ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የተወሰዱ የዱር ዓሦችን በእስያ ሲረቡ ከነበሩ ዝርያዎች ጋር አዳቅሎ፣ በየትውልዱ ፈጥነው ያደጉትን እየመረጠ በማርባት ጊፍት ተብሎ የሚጠራውን ዝርያ አስገኝቷል። በመጀመሪያዎቹ ትውልዶች የዕድገት ፍጥነቱ በየዙሩ ከመቶ አሥር በላይ ሲጨምር ታይቷል። ግብፅ በአባሳ፣ ጋና በአኮሶምቦ ከራሳቸው ውሃ በተገኙ ዓሦች ተመሳሳይ ሥራ ሠርተው ለአርቢዎቻቸው አዳርሰዋል።

በዚህ ላይ ኢትዮጵያውያን አንባቢያን ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የጊፍት ዝርያ ሲመሠረት የኢትዮጵያ ሐይቆች ቆሮሶ አልተካተተም። ከጣና ቅዝቃዜ እስከ ስምጥ ሸለቆ ሙቀትና ጨዋማነት ድረስ በተለያየ ውሃ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የኖሩት የአገሪቱ ቆሮሶዎች በውስጣቸው የያዙት የዘር ሀብት ገና በወጉ አልተመረመረም፤ ተመራማሪዎች የዝዋይን፣ የሐዋሳን፣ የቆቃን፣ የጫሞንና የጣናን ቆሮሶዎች ጎን ለጎን አርብተው የሚያነጻጽሩበት ሥራም ገና ጅምር ላይ ያለ ነው። ከውጭ የመጣ ዝርያ ከኩሬ አምልጦ ወደ ሐይቅ ከገባ ከነባሩ ጋር ይዳቀልና ያ ሀብት ሊመለስ በማይችል ሁኔታ ይደበዝዛል። ጊፍት ራሱ ወደ አፍሪካ እንዳይመለስ ለብዙ ዓመታት ጥንቃቄ የተደረገውም በዚህ ሥጋት ነበር። በሽታም አብሮ ይጓዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በእስራኤል ተለይቶ የታወቀውና ቀደም ሲል በኪኔሬት ሐይቅ ዓሦችን የፈጀው የቲላፒያ ሐይቅ ቫይረስ ዛሬ በእስያ፣ በላቲን አሜሪካና በአፍሪካ አገሮች ተገኝቷል። ጫጩት ከውጭ በአውሮፕላን ማስመጣት ፈጣን መንገድ ቢመስልም፣ የለይቶ ማቆያና የምርመራ ሥርዓት በሌለበት መደረግ የሌለበት ነገር ነው። ከውጭ የገባ ዓሣ በሐይቅ ውስጥ እንዴት ሊስፋፋ እንደሚችል በዝዋይ ሐይቅ እየገነነ የሄደው ካርፕ በቂ ምስክር ነው።

ዘሩ ጥሩ ቢሆንም ውሃው ከቀዘቀዘ አይረዳም። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው የውሃው ሙቀት ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ ከ20 በታች ሲወርድ ዕድገቱ ይጓተታል፣ ወደ 16 ገደማ ሲደርስ መመገብ ያቆማል። የአየሩ ሙቀት በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሞቃታማው ቆላ በአምስትና በስድስት ወር ለገበያ የሚደርሰው ዓሣ በደጋው ዓመት አልፎትም ላይደርስ ይችላል። ብዙዎቹ የአገሪቱ አርሶ አደሮች የሚኖሩት በደጋና በወይና ደጋ በመሆኑ ይህ የዳር ጉዳይ አይደለም፤ ለቆላ የተጻፈን የእርባታ መመሪያ እንዳለ ወደ ደጋ ማውጣት ገበሬውን ለኪሳራ መዳረግ ነው። ተመራማሪዎች የሚያቀርቡት አማራጭ ጫጩቶቹ በሞቃት አካባቢ ባለ መፈልፈያ ወይም በፕላስቲክ በተሸፈነ ቤት ውስጥ እንዲጎለብቱ ካደረጉ በኋላ ወደ ደጋው ኩሬ ማስገባት፣ ኩሬውንም ከነፋስ መከለልና ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ያለማቋረጥ እንዳይፈስበት ማድረግ ነው። እጅግ ቀዝቃዛ ለሆነው ከፍታ ደግሞ ባለፈው ምዕተ ዓመት ወደ ባሌ ወንዞች ገብቶ የተላመደው ትራውት ሌላ ምርጫ ነው።

ከዓሣ እርባታ ወጪ ግማሹን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚወስደው መኖ ነው። በማደግ ላይ ያለ ቆሮሶ ከመኖው ከመቶ 25 እስከ 30 የሚሆነው ፕሮቲን እንዲሆን ይፈልጋል፤ ጫጩቱ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይሻል። ከውጭ የሚገባው ተንሳፋፊ መኖ ለአነስተኛ አርቢ የሚቀመስ ስላልሆነ፣ የምርምር ሥራው በአገር ውስጥ በሚገኙ ተረፈ ምርቶች ላይ አተኩሯል። የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲኑ ከመቶ 30 ገደማ በመሆኑ ተስፋ ተጥሎበታል፤ ነገር ግን ቃጫው ስለሚበዛ ብቻውን አይበቃም፣ ከስንዴ ፉርሽካ፣ ከቢራ ፋብሪካ ተረፈ ብቅልና ከቄራ ከሚገኝ የደምና የአጥንት ዱቄት ጋር መመጣጠን አለበት። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎም ፕሮቲን ቢኖረው ጎሲፖል የተባለ ጎጂ ንጥረ ነገር ስላለበት በመጠን ካልተሰጠ ዕድገትን ይገታል። የፋጉሎ ዋጋ ከከብት አድላቢዎች ጋር በሚደረገው ሽሚያ የሚወሰን መሆኑን የዘነጋ የመኖ ቀመር በወረቀት ላይ ብቻ ያምራል።

መኖ መግዛት ለማይችለው አርቢ ርካሹ ምግብ ውሃው ራሱ የሚያበቅለው ነው። በልኩ የተጨመረ የከብት ወይም የዶሮ ፍግ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉ ዋቅላሚዎች፣ ማለትም በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ዕፀዋት፣ እንዲበቅሉ ያደርጋል፤ የዶሮ ቤትን ከኩሬው አፋፍ ወይም ከበላዩ መሥራትም ከዚሁ የመነጨ ዘዴ ነው። ከዓሣ ኩሬው የሚወጣው ማዳበሪያነት ያለው ውሃ ደግሞ ለጎመንና ለቲማቲም ማጠጫ ይውላል፤ በአንድ ማሳ ላይ ሦስት ምርት የሚገኝበት ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ ገበሬ ከማንኛውም ውድ ቴክኖሎጂ የበለጠ የሚስማማ ነው። የፍጉን ልክ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አርቢው ክንዱን እስከ ክርኑ ውሃው ውስጥ ሲያስገባ መዳፉ መታየት የሚያቆም ከሆነ አረንጓዴነቱ በቂ ነው፣ ገና ከእጅ አንጓው ላይ ከጠፋ ግን ፍግ መጨመሩን ማቆም አለበት። ምክንያቱም ዋቅላሚዎቹ ቀን ፀሐይ ሳለ ኦክስጅን ቢያመርቱም ሌሊት እነሱም ስለሚተነፍሱ፣ ጎህ ሊቀድ ሲል በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ከሁሉም ጊዜ ይበልጥ ያንሳል። ማለዳ ላይ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ሲያዛጉ ከታዩ ኩሬው ታፍኗል ማለት ስለሆነ፣ በዚያን ቀን መኖም ፍግም ሳይሰጥ ንጹሕ ውሃ ሊገባበት ይገባል።

ኩሬ ከመቆፈር ይልቅ ተንሳፋፊ የመረብ ማርቢያ በሐይቅ ላይ ማስቀመጥ ሌላው የተፈተነ መንገድ ነው። በቢሾፍቱ አካባቢ በሚገኘው ኩሪፍቱ ሐይቅ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ሜትር ኩብ ከ50 እስከ 200 ዓሣ አስገብተው ባደረጉት ሙከራ፣ ዓሦቹ በተሻለ ሁኔታ ያደጉት ቁጥራቸው አነስተኛ በሆነበት ማርቢያ መሆኑ ታይቷል። ይህ ሙከራ ግን በማንኛውም ሐይቅ ላይ ማርቢያ ለማስቀመጥ ፈቃድ አይሆንም፤ ያልተበላው መኖና ኩሱ ወደ ሐይቁ ስለሚወርድ፣ እንደ ጣና በእምቦጭ የተጎዱትንና ቀድሞውኑ ንጥረ ነገር የበዛባቸውን ውሃዎች ይበልጥ ያውካል።

በአፍሪካ ቀዳሚ የሆነችው ግብፅ በዓመት ከ1.5 ሚሊዮን ቶን በላይ ዓሣ በእርባታ እስከማምረት የደረሰችው፣ በሕጓ የናይልን ንጹሕ ውሃ ለዓሣ ኩሬ ከልክላ፣ ከእርሻ የሚመለሰውን የፍሳሽ ውሃ እንዲጠቀሙ አርቢዎቿን አስገድዳ ነው። ኩሬዎቹ የተስፋፉት መፈልፈያዎችና የመኖ ፋብሪካዎች አብረው ስለተተከሉ ነው።

ስለዚህ በየወረዳው የሚወጣው የኩሬ ቁጥር የሥራው መለኪያ መሆኑ ሊቆም ይገባል። የክልል ግብርና ቢሮዎች አዲስ ኩሬ ከማስቆፈራቸው በፊት፣ በየአካባቢያቸው ሙቀት የተፈተነ ጫጩት የሚያቀርብ ቢያንስ አንድ መፈልፈያ በአቅራቢያ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ኩሬ ለመቆፈር የሚያስብ አርሶ አደርም ዶማውን ከማንሳቱ በፊት ጫጩቱን ከማን፣ በምን ያህል ዋጋና በየትኛው ወር እንደሚያገኝ ጠይቆ ቁርጡን ይወቅ።