ስልሳ ሁለት ምስክሮች በአንድ ድምፅ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር አገር ይናወጣል። ለፈተና ከተቀመጡት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ በተነገረ ሳምንት ሁላችንም የትምህርት ባለሙያዎች እንሆናለን። አንዱ መንግሥትን፣ ሌላው መምህሩን፣ ሦስተኛው ስልክና ቲክቶክን ይከሳል። ከዚያ ሳምንቱ ያልፋል፤ ክርክሩም አብሮት ያልፋል።

እኔ የሕግ ሰው ነኝና ነገሩን በለመድኩት መንገድ ልየው። ሰበር ሰሚ ችሎት የቀረበለትን ጉዳይ ሲመረምር መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖር አለመኖሩን ያያል እንጂ ፍሬ ነገሩን እንደገና አያጣራም። ፍሬ ነገሩ ያለቀው በሥር ፍርድ ቤት ነው። እዚያ በወጉ ያልተጠየቀ ምስክር ላይኛው ቤት ደርሶ ቢጮኽለት ዋጋ የለውም። 12ኛ ክፍልም እንደዚሁ ነው። የልጁ ጉዳይ ከአሥር ዓመት በፊት 1ኛና 2ኛ ክፍል ወንበር ላይ አልቋል። ለመሆኑ ከመካከላችን ያንን የሥር ፍርድ ቤት ገብቶ ያየ ስንት ሰው አለ? እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ አላየሁም ነበር።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

ቤታችን ለስድስት ዓመት አብራን የኖረች ሠራተኛ አለች። አንድ ወንድ ልጅ አላት። ያኔ 2ኛ ክፍል ነበር፤ የሚማረውም ሰፈራችን ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የእኔ ልጆች የተማሩት በግል ትምህርት ቤት ነው። ይህን የምናገረው ለጉራ ሳይሆን ከየት ቆሜ እንደማወራ አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው። እናቱ ፊደል አልቆጠረችም። አንድ ማታ የልጁን ደብተር ይዛ መጣች። ገጹ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ተሞልቷል።

“ጋሼ፣ ልጄ ማንበብ ቻለ አይደል?” አለችኝ።

ልጁን ጠራሁት። የአማርኛ መጽሐፉን ገልጦ አንዱን ገጽ ከላይ እስከ ታች ምንም ሳይደናቀፍ ተወጣው። “ጎበዝ! ማንበብማ ችሏል” አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ልጇን ስማ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ልጁ መጽሐፉን ሊዘጋ ሲል እንዲያው ለጨዋታ ያህል ጣቴን ከገጹ መሐል አንዲት ቃል ላይ አሳረፍኩና “ይቺስ ምን ትላለች?” አልኩት። ዝም አለ። ወደ ገጹ አናት ተመለሰና ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በለሆሳስ እየደገመ ወደ ጣቴ ይወርድ ጀመር። መሐል ላይ ጠፋበትና ሌላ ቃል ነገረኝ።

ልጁ አያነብም። ገጹን በቃሉ ይዞታል። እኔም ለእናቱ የሐሰት ምስክርነት ሰጥቻለሁ።

አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ

በሳምንቱ ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ የልጁ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። 62 ልጆች ቆጠርኩ። በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል የተቀመጠው መለኪያ 50 ተማሪ ነው። መምህርቷ ትጉህ ናቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያስተምሩ ስላየኋቸው ከዚህ በታች የምለው ነገር በእሳቸው ላይ የቀረበ ክስ ተደርጎ እንዳይወሰድብኝ እለምናለሁ።

የአማርኛው ክፍለ ጊዜ እንዲህ ነበር። መምህርቷ አጭር ምንባብ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። በእንጨት እያመለከቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያነቡ ክፍሉ ተቀብሎ ይደግማል። ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ይጮኻል። ለሚሰማው ደስ ይላል። ዓይናቸውን ስከተል ግን ሰሌዳውን የሚያዩት ከፊት ያሉት ናቸው። ከኋላ ያሉት አንዱ መስኮቱን፣ አንዱ ጣሪያውን፣ አንዱ እኔን እያየ ነው የሚጮኸው። የጎኑን ልጅ አፍ ተከትሎ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ የሚደርስም አለ። በመጨረሻ መምህርቷ “ገባችሁ?” አሉ። “አዎ ቲቸር!” አለ ክፍሉ በሙሉ።

ፍርድ ቤት ምስክር የሚሰማው አንድ በአንድ ነው። ገና ያልመሰከረው ከችሎት ውጭ ይቆያል፤ የፊተኛውን ቃል ሰምቶ እንዳይደግም። በዋና ጥያቄ ጊዜ መልሱን በውስጡ የያዘ መሪ ጥያቄ ማቅረብ አይፈቀድም። እዚህ ግን 62 ምስክሮች በአንድ ላይ ቆመው በአንድ ድምፅ ይመሰክራሉ። የሚቀርብላቸውም “ገባችሁ?” የሚል መሪ ጥያቄ ነው። የትኛው ዳኛ ነው ይህን ማስረጃ ብሎ የሚቀበለው?

ቀጥሎ ጽሕፈት መጣ። “ትምህርት” የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ ጻፉ ተባለ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ደብተሯን ከፈተችና በመጀመሪያ “ት”ን ከላይ ወደ ታች አሥር ጊዜ ደረደረች። ከዚያ ከአናት ጀምራ በየጎናቸው “ም”ን አሥር ጊዜ አወረደች፤ ከዚያ “ህ”ን። አሥር “ትምህርት” ጻፈች፤ “ትምህርት” የሚለውን ቃል ግን አንድም ጊዜ አልጻፈችም። አጥር እየሠራች ነበር። እጅ ጽሑፏ ያማረ ነበርና ራይት አገኘች።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ይህም 2,400 ሰከንድ ማለት ነው። መምህርቷ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ጊዜውን በሙሉ ለልጆቹ ቢያካፍሉት ለአንዱ ልጅ 39 ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል። ስም ሲጠራ፣ ሰሌዳ ሲጻፍና ሲጠፋ፣ ደብተር ሲታረም የሚሄደው ጊዜ ሲቀነስ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ መምህር በኅብረት ማስጮህን የሚመርጠው በስንፍና አይደለም። ሁሉንም ልጅ በአንድ ጊዜ የሚዳስስ ሌላ መንገድ ስለሌለው ነው። ችግሩ በኅብረት መድገሙ አይደለም፤ ለማለማመድ ይጠቅማል። ችግሩ እሱኑ እንደ ፈተና መቁጠራችን ነው።

ፊደላችን የሚጠይቀው

ፊደላችን ድምፅን ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ቀላል ነው እንላለን። ለአዋቂ አዎን። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ፣ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር፣ 231 ቅርጽ ይሆናሉ። ካዕቡም ሣልሱም የራሱ ምልክት አለውና ብዙውን በመልኩ መገመት ይቻላል። ሳድሱ ግን እንደ ልቡ ነው፤ “ል”ን ያወቀ ልጅ “ን”ን ከእሱ ተነሥቶ ማወቅ አይችልም። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ እጅግ የሚደጋገመው ይኸው ሳድስ ነው።

ሌላም አለ። ሳድስ አንዳንዴ አጭር ድምፅ ይዞ ይነበባል፤ አንዳንዴ ድምፁን ይጥላል። “ልብስ” የሚለውን ቃል ልጁ “ል፣ ብ፣ ስ” እያለ ይቆጥረዋል። ሦስቱን ፊደላት አውቋል፤ ሆኖም የሚለብሰውን ነገር ገና አላገኘውም። ድምፆቹን አጋጥሞ ቃል ማድረግ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በዚያ ላይ ፊደላችን ማላላትና ማጥበቅን አያሳይም። “ገና” በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰ ነገር? “አለ” ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? “ዋና” ውኃ ውስጥ ነው ወይስ ከሁሉ የሚበልጠው? ይህን የሚነግረን ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። ስለዚህ አማርኛን በትክክል ማንበብ የሚችለው የሚያነበውን የተረዳ ሰው ነው።

እያንዳንዱን ፊደል ለማስታወስ የሚታገል ልጅ ሦስተኛው ፊደል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ይረሳል፤ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መነሻው ከአእምሮው ጠፍቷል። ይህ ልጅ 4ኛ ክፍል ሲገባ የሒሳብ ጥያቄው ራሱ ምንባብ ይሆንበታል። 7ኛ ክፍል ላይ ባዮሎጂው፣ 12ኛ ክፍል ላይ ሁሉም።

የኔታ የሚያውቁት

የቄስ ትምህርት ቤትን ኋላ ቀር እያልን የሸምዳጅነታችን ምንጭ አድርገን እንከሰዋለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የኔታ ልጁን “ሀ ሁ ሂ” ካስቆጠሩት በኋላ አሳልፈው አይለቁትም። አቡጊዳ ያስገቡታል፤ “አ ቡ ጊ ዳ” እያለ ፊደሉን በሌላ ቅደም ተከተል ይቆጥራል። ሥራው ግልጽ ነው፤ ዜማውን የያዘውን ልጅ ቅርጹን ካወቀው ይለየዋል። መስቀለኛ ጥያቄ ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ሐዋርያ፣ ማለትም የዮሐንስ መልእክት፣ ይመጣል። በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያለ ያድግና ዳዊት ይደግማል። በዚህ ሁሉ ልጁ በስንደዶው እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ብቻውን ይሰማል፤ የኔታ ካልደረሱለት የቀደመው ተማሪ ይሰማዋል። በቁርአን ትምህርት ቤትም ልጁ ሉሁን ይዞ በተራው ሸኹ ፊት ቀርቦ ያሰማል።

የድሮውን ሁሉ ላሞግስ አይደለም። ልጁ የሚያነበው የማይገባውን ግእዝ ነበር፤ አለንጋውም አብሮ ነበር። አለንጋውን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከትምህርት ቤት አስወጥቶታል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። እኛ ግን አለንጋውን ስናስወጣ ስንደዶውንም አብረን ጣልነው።

ራሳችንን እንዴት እናታልላለን

በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደ የንባብ ምዘና ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ እየተጠሩ አጭር ታሪክ እንዲያነቡ ተደረገ። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል አንድ ሦስተኛው ያህል ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ልጆች በየክፍላቸው ከሌላው ጋር ሲጮኹ የነበሩ፣ ደብተራቸው ራይት የተሞላ ልጆች ናቸው። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ዘመን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ሳይደግሙ የማለፍ ሥርዓት ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ሕፃን በውድቀት እንዳይሸማቀቅና መምህሩ በየጊዜው እየመዘነ የደከመውን እንዲደግፍ ነው። ማሳለፉ ተተግብሮ ድጋፉ በየቦታው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓተ ትምህርቱም መጻሕፍቱም ተለውጠዋል፤ እኔ በገባሁበት ክፍል ግን “ገባችሁ?” አልተለወጠም።

ምን ይደረግ?

የተማሪው ቁጥር መቀነስ አለበት፤ ያ ግን በጀትና ዓመታት ይጠይቃል። እስከዚያው ሳይቃጠል በቅጠል። አንደኛ፣ መምህሩ በቀን ዘጠኝ ልጅ ብቻ ለአንድ አንድ ደቂቃ ለብቻው ቢሰማ በሰባት የትምህርት ቀን 62ቱን ያዳርሳል። በዚያ ዘጠኝ ደቂቃ ሌሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በጣታቸው እየነኩ ይነባበቡ። ሁለተኛ፣ ሰሌዳ ላይ የተነበበው ዓረፍተ ነገር ቃላቱ ተቀያይረው እንደገና ይጻፍ። ሦስተኛ፣ “ገባችሁ?” በማለት ፋንታ “ማን ሄደ? ለምን?” ይባል።

ለወላጅ ደግሞ ጣት ይበቃዋል። ገጹን ከመሐል፣ ከታች ወደ ላይ ጠይቁ። ማንበብ የማይችል ወላጅም ይህን ማድረግ ይችላል። አንድ ቃል ላይ ጣቱን አሳርፎ ይጠይቅ፤ ከዚያ ያው ቅርጽ ያለውን ቃል ሌላ መስመር ላይ ፈልጎ እንደገና ይጠይቅ። መልሱ አንድ ካልሆነ ልጁ እያነበበ አይደለም።

ይህን የመጨረሻውን ያሰብኩት ለራሴ ስል ነው። ከትምህርት ቤት በተመለስኩበት ቀን ማታ ለእናቱ እውነቱን ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ “ታዲያ ጋሼ፣ ያ ሁሉ ራይት የምን ነው?” አለችኝ። የሕግ ትምህርቴም የሠላሳ ዓመት ልምዴም መልስ አልነበረውም።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ከእራት በኋላ ሃያ ደቂቃ እንቀመጣለን። ልጁ ዛሬ 3ኛ ክፍል ነው። ቀስ ብሎ፣ እየተንተባተበ፣ ግን ያነባል። ጣቱን ፊደሉ ላይ የምታሳርፍለት እናቱ ናት። ባለፈው ሳምንት አጠገባቸው ጋዜጣ እያነበብኩ ሳለሁ ሁለት ጣቶቿን ሁለት መስመር ላይ አሳርፋ ጠራችኝ።

“ጋሼ፣ ይቺና ይቺ አንድ ናቸው አይደል?”

አጎንብሼ አየሁ። አንድ ነበሩ።