ያረጀ ሁሉ ታሪክ ነውን?

ከአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቅጽር ወጥተን ወደ አትክልት ተራ ስንወርድ፣ አንድ ተማሪዬ የእንጨት ሰገነቱ ያዘመመ ቤት አሳየኝና «መምህር፣ ይህ ቤት ማርጀቱን አያለሁ፤ ታሪክነቱ ግን ምኑ ላይ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሕፃን ቢመስልም መልሱ ለአዋቂዎችም ያስፈልጋልና፣ ክቡራን አንባብያን ሆይ፣ አብረን እንመርምረው።

ዕድሜ ብቻውን ሕንፃን ታሪካዊ አያደርገውም። ያረጀ ሁሉ እንዳለ ይጠበቅ ቢባል፣ በሚያፈስስ ጣራ ሥር ልጆቹን የሚያሳድገው ሰው ይጐዳል። ውበትም ብቻውን አይበቃም። ዋናው ነገር ምስክርነቱ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስን ሲተረጕም ምስክርነትን ያነሣል።

ለአድዋ ድል መታሰቢያ የታነጸውን ባለ ስምንት ማዕዘን ካቴድራል እንመልከት። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ደፍተውበታል። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች አቃጠሉት፤ ከነጻነት በኋላም ታደሰ። እድሳቱ ታሪኩን አልቀነሰበትም፤ ቃጠሎው ራሱ ከምስክርነቱ አንዱ ሆነ እንጂ። እቴጌ ጣይቱ ሆቴልም በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጐድቶት ነበር፤ ታድሶ ግን ስሙን እንደ ያዘ ቆመ።

ለታላላቆቹ ሕንፃዎች ተከራካሪ አይታጣም። የሚያሳስበው የነጋዴው ቤት ነው። የአራዳ ገበያ በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ሲዛወር፣ የአገሬው ሰው ከአርመኑ፣ ከግሪኩና ከሕንዱ ጋር ተጐራብቶ መነገዱን የሚመሰክሩት ሰገነት ያላቸው ሱቆች ቀሩ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ተራ ነጋዴዎች ወደ ጃን ሜዳ ተዛወሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ የፒያሳ ቤቶች ፈረሱ። ሰውም ቤትም ሲሄዱ የሚቀረው ስም ብቻ ነው፤ ስምም ያለ ምስክር ብዙ አይሰነብትም።

እንግዲህ አንድ ቤት ከመፍረሱ አስቀድሞ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ማን ሠራው? ምን ተደረገበት? ቢፈርስስ ከእንግዲህ ልናውቀው የማንችለው ምንድር ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ያለው ቤት ሊጠበቅ ይገባዋል። ማትረፍ ባይቻል እንኳ አስቀድሞ ይለካ፤ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ የኖሩበት ሰዎች ቃልም ይጻፍ። ይህም ለመንግሥት ብቻ የሚተው አይደለም፤ በየቤታችን አረጋውያን አሉንና።

ተማሪዬንም «ሂድና ከደጃፉ የተቀመጡትን እናት ጠይቃቸው» አልሁት። ደብተሩን ሞልቶ ተመለሰ።