እጅ ከቁልፉ ሳይነሣ፤ ስለ ኪቦርድ አቋራጮች ጥቂት ቃል

በዚህ መጽሔት ስለ ታሪክ፣ ስለ ቅኔና ስለ አገር ጉዳይ ብዙ ሲጻፍ ቆይቷል። እኛ ዛሬ የምናቀርበው ከዚያ ሁሉ ዝቅ ያለ የጣት ጉዳይ ነው። ዝቅ ያለ ነው ብለን ስንንቀው ግን ከመካከላችን አንዱ የሦስት ሳምንት ድካሙን ስድስት ፊደል በመምታት ብቻ አጠፋው። ስለዚህ ሌላው ከእርሱ ይማር ዘንድ መጻፉ ግዴታችን ሆኖ አገኘነው።

«የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከኮምፒዩተር ኮድ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ቃል ስንት ጊዜ እንደ ገባ ለመቁጠር፣ ወይም የቀድሞውን አጻጻፍ ከዛሬው ጋር ለማስተያየት የሚፈልግ ሰው በእርሳስና በወረቀት ብቻ አይዘልቀውም። እኛም አራት የአርትስ ተማሪዎች ሆነን ፓይተን በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ድክ ድክ ማለት ከጀመርን ጥቂት ጊዜያችን ነው።

ስለ እጃችን ማሰብ የጀመርነው በክፍል ውስጥ ሳይሆን በካዛንቺስ ነው። ከአራታችን ሦስቱ የቂርቆስ ልጆች ስለሆንን፣ ከስድስት ኪሎ በአራት ኪሎ በኩል ቁልቁል ስንመለስ ካዛንቺስ ከነበረች አንዲት ጠባብ የጽሕፈት ቤት ጎራ ማለት ልማዳችን ነበር። ባለቤቲቱን «እትዬ» እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው በጽሕፈት መኪና ታይፕ የተማሩ ሰው ናቸው። እሳቸው በአንደኛው ኮምፒዩተር የሰውን ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ በገጽ ሒሳብ ሲጽፉ፣ እኛ በሁለተኛው በሰዓት ኪራይ እንሠራ ነበር።

የእሳቸው ዓይን ከወረቀቱ ላይ፣ አሥሩም ጣታቸው ከቁልፉ ላይ ነው። እኛ ግን አንዲት መስመር ከላይ ወደ ታች ለማውረድ ማውዙን እንፈልጋለን፣ ቀስቲቱን እናሳድዳለን፣ መስመሩን እንቀባለን፣ እንስታለን፣ እንደገና እንቀባለን። ኪራዩ ይቆጥራል፤ መብራት ደግሞ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። አንድ ቀን እትዬ አሻግረው አዩንና «ልጆቼ፣ እጃችሁ ምነው ገበያ ለገበያ ዞረ? ቤቱ አይቀመጥም?» አሉን። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ንግግራቸው ነው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። መሠረታውያን ሆሄያቱ ብቻ 33 በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የጠበቃቸው እንቆቅልሽ ይኸው ነበር፤ ይህን ሁሉ ሆሄ ከጥቂት ቁልፎች ላይ እንዴት ማስፈር ይቻላል? ዛሬ ሆሄያቱ በዩኒኮድ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው የማሽኑ ችግር ተቃሏል። የጣቱ ድካም ግን አለ። በላቲን ድምፅ በሚጻፍበት ኪቦርድ «ለ» ለማለት ኤልና ኢ የሚባሉትን ሁለት ቁልፎች እንመታለን። እንግዲህ ያጠፋነውን አንድ ቃል እንደገና መጻፍ ለእኛ ብዙ ጊዜ እጥፍ ሥራ ነው።

አቋራጭ ማለት በማውዝ ተፈልጎ የሚገኘውን ትእዛዝ አንድ ወይም ሁለት ቁልፍ በመጫን ማዘዝ ነው። ኮንትሮልን ይዞ ሲ መቅዳት፣ ኤክስ ቆርጦ ማንሣት፣ ቪ መለጠፍ፣ ዜድ የተሠራውን መሻር መሆኑን የማያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ቆርጦ መለጠፍን ለኮምፒዩተር ያለማመደው ላሪ ቴስለር ከባልደረባው ከቲም ሞት ጋር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዜሮክስ የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። በኋላም አፕል በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ሊሳ» በተባለው ኮምፒዩተር አራቱ ፊደሎች ለዚሁ ሥራ ዋሉ። አራቱም በታችኛው ረድፍ ጎን ለጎን ስለሚገኙ ለግራ እጅ ይቀርባሉ።

አቋራጮችን እንደ ዝርዝር የሚሸመድድ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። እኛ እንዳየነው ግን ሰዋስው አላቸው። የቀስት ቁልፍ ብቻውን አንድ ሆሄ ያራምዳል። ኮንትሮል ሲጨመርበት እርምጃው ከሆሄ ወደ ቃል ያድጋል። ሺፍት ሲጨመርበት የታለፈው ሁሉ ይመረጣል። ሁለቱም ሲጨመሩ አንድ ሙሉ ቃል ይመረጣል ማለት ነው። ሆም ወደ መስመሩ መጀመሪያ፣ ኤንድ ወደ መጨረሻው ይወስዳሉ። ባክስፔስ አንድ ሆሄ ሲያጠፋ ከኮንትሮል ጋር ቃል ያጠፋል። ሥርወ ቃልና ቅጥያ ለለየ የቋንቋ ተማሪ ይህ ምን ይከብደዋል? አፕል ኮምፒዩተር ያለው ግን ቁልፎቹ ስለሚለዩ (ለምሳሌ ለመቅዳትና ለመለጠፍ በኮንትሮል ፈንታ ኮማንድ የሚባለውን ይይዛል) የራሱን ማሽን ዝርዝር ይመልከት።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ማይክሮሶፍት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ» በተባለው የኮድ ማረሚያ ውስጥ ዕለት ዕለት የጠቀሙን ናቸው።

1ኛ. አልትን ይዞ የላይ ወይም የታች ቀስትን መጫን፤ ከርሰሩ ያለበት መስመር እንዳለ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል። እትዬን ያሳቀው የመስመር ቅቢያችን በዚህ ቀረ።

2ኛ. ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኬ፤ መስመሩን በሙሉ ያጠፋል።

3ኛ. ኮንትሮልና የዝባዝ ሰረዝ ቁልፍ፤ መስመሩን ከኮድነት አውጥቶ ማስታወሻ ያደርገዋል፤ ሲደገም ይመልሰዋል።

4ኛ. ኮንትሮልና ዲ፤ ከርሰሩ ያለበትን ቃል ይመርጣል። በተደገመ ቁጥር የዚያኑ ቃል ቀጣይ መገኛ ይጨምራል። ከዚያ አንድ ጊዜ ሲጻፍ በሁሉም ቦታ ይታረማል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አማርኛ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ይህ ማረሚያ የቃልን ድንበር የሚያውቀው በባዶ ቦታና በላቲኑ ሥርዓተ ነጥብ ነው። ሁለት ነጥባችንንና አራት ነጥባችንን እንደ ፊደል ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ «ነው።» የሚለውን ስንመርጥ አራት ነጥቡ አብሮ ይመጣል። ቃላቱ ያለ ባዶ ቦታ በሁለት ነጥብ ብቻ የተለዩበት የቆየ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ሙሉው መስመር እንደ አንድ ቃል ይዘለላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በማስተካከያው ገጽ የቃል መለያ ምልክቶች ከተዘረዘሩበት ቦታ ፡ ። ፣ ፤ የሚሉትን አራቱን መጨመር ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ሞክሼ ሆሄያት ናቸው። «ፀሐይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ጸሃይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ ለማሽኑ ሌላ ቃል ነውና። ስለዚህ በኮንትሮልና ኤፍ መፈለጊያውን ከፍቶ፣ በአልትና አር የንድፍ ፍለጋን ማብራትና [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ ብሎ መጻፍ ይጠቅማል። በቅንፍ ውስጥ ካሉት አንዱን ማለት ስለሆነ 2 በ6፣ አሥራ ሁለቱም አጻጻፎች በአንድ ጊዜ ይለቀማሉ። ቃላት እየቆጠርን ይህን ባናውቅ ኖሮ ቁጥራችን ሐሰት ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ጓደኛችን ነገር እንምጣ። ብዙዎቻችን የምንሠራበት ጁፒተር የተባለው ኖትቡክ ነው። ስሙ ጁሊያ፣ ፓይተንና አር ከተባሉት ሦስት የኮምፒዩተር ቋንቋዎች የተውጣጣ ሲሆን፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ፌርናንዶ ፔሬዝ ከጀመረው አይፓይተን ከተባለ ሥራ የተወለደ ነው። እንደ ደብተር ገጽ ሆኖ ሴል በሚባሉ ሣጥኖች ይከፈላል። በአንዱ ሣጥን ኮድ፣ በሌላው ማብራሪያ ይጻፋል። ሺፍትና ኢንተር ሣጥኑን አሠርቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ኮንትሮልና ኢንተር አሠርቶ እዚያው ይቆያል።

ዋናው ምሥጢር ኖትቡኩ ሁለት ጠባይ ያለው መሆኑ ነው። ኢንተር ሲጫን የመጻፊያ ጠባይ ይይዛል፤ ፊደል ፊደል ነው። ኤስኬፕ ሲጫን ግን የማዘዣ ጠባይ ይይዛል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል ትእዛዝ ነው። ኤ ከላይ፣ ቢ ከታች አዲስ ሣጥን ይጨምራሉ። ኤም ሣጥኑን የማብራሪያ፣ ዋይ የኮድ ያደርገዋል። ኤክስ ሣጥኑን ቆርጦ ያነሣል። ዲ ሁለት ጊዜ ሲመታ ሣጥኑን ይደመስሳል።

ይህ ጠባይ አዲስ አይደለም። ቢል ጆይ በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በጻፈው «ቪአይ» በተባለው ማረሚያም ዲ ሁለት ጊዜ ሲመታ መስመር ያጠፋል። ዛሬም የእርሱን ፈለግ በተከተለው «ቪም» የሚሠራ ሰው አማርኛ ኪቦርዱን ሳያጠፋ ቢያዝዝ አይሰማውም፤ ለማሽኑ የደረሰው ዲ ሳይሆን «ድ» ነውና።

የጓደኛችን መከራ የዚህ ግልባጭ ነው። አንድ ማታ ኤስኬፕ መጫኑን ረስቶ፣ አማርኛውም በርቷል ብሎ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሣ «እሽቅድድም» ብሎ ጻፈ። አማርኛው ግን አልበራም ነበር። ሽን በኤክስ በሚጽፈው ኪቦርድ ይህ ቃል የሚመታው ኢ፣ ኤክስ፣ ኪው፣ ዲ፣ ዲ፣ ኤም ተብሎ ነው። ኤክሱ አንዱን ሣጥን ቆርጦ አነሣ። ሁለቱ ዲ ቀጣዩን ደመሰሱ። ኤሙ ሦስተኛውን ከኮድነት ወደ ማብራሪያነት ለወጠ። በሁለቱ ሣጥኖች ውስጥ የነበረው ሦስት ሳምንት ሙሉ በእጁ ያጠራው የቃላት ዝርዝር ነበር።

እስከዚህ ድረስ እንኳ ነገሩ የሚመለስ ነበር። በማዘዣው ጠባይ ዜድ ቢመታ የተደመሰሰው ይመለስ ነበር፤ ቪ ቢመታ የተቆረጠው ይለጠፍ ነበር። እርሱ ግን ደነገጠ። ኮንትሮልና ኤስ መትቶ አስቀመጠው፣ መስኮቱን ዘጋው፣ ከዚያ በኋላ እኛን ጠራን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የእርሱ ግን የሚለቀምም አልተረፈው። ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

ከዚህ የተማርነው አቋራጭ አደገኛ ነው ማለትን አይደለም። ማሽኑ ጣትን እንጂ ሐሳብን አያይም ማለትን ነው። እትዬ ሲጽፉ ፈጣን የሆኑት ስለሚቸኩሉ ሳይሆን፣ እጃቸው የት እንዳለ ሁልጊዜ ስለሚያውቁ ነው። በእኛ ላይም ሦስት ልማድ አጸናን። ከመጻፋችን በፊት ኪቦርዱ በየትኛው ቋንቋ እንዳለ ከታች ጥግ እናያለን፤ በዊንዶውስ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ይለውጠዋል። በኖትቡክ ውስጥ ከርሰሩ ከሣጥኑ ውስጥ ብልጭ ድርግም ሲል ካላየን አንዲት ፊደል አንመታም። ስሕተት በሠራን ጊዜ እጃችንን አንሥተን ትንፋሽ ወስደን መጀመሪያ ዜድን እንሞክራለን፤ መዝጋት የመጨረሻው ነው። በጉግል ኮላብ የሚሠራ ሰው ከዚህ አደጋ ይራቅ እንጂ ፈጽሞ አይዘናጋ፤ እዚያ ለእነዚህ ትእዛዞች አስቀድሞ ኮንትሮልና ኤም መጫን ስለሚያስፈልግ በአንድ ቃል መፍረስ አይበዛም።

ሁሉን በአንድ ቀን ልወቅ ማለት አይጠቅምም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እኛ ያደረግነው በሳምንት አንድ አቋራጭ ብቻ መርጦ፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከማሽኑ ጫፍ መለጠፍና በዚያ ሳምንት ያንኑ ሥራ በማውዝ አለመሥራት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከበፊቱ ያዘገያሉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ወረቀቱ ይነሣል፤ ጣት ይዞታልና።

በ2017 ዓ.ም. ብዙው የካዛንቺስ ሠፈር ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የእትዬም ጽሕፈት ቤት አብራ ሄደች። እሳቸው ዛሬ ከመሀል ከተማው ርቀው በሌላ ሠፈር ይሠራሉ፤ እኛም እንደ ድሮው በእግራችን አንደርስባቸውም። ባለፈው ደውለንላቸው ስለ ጓደኛችን ስንነግራቸው «ጻፈው እንደገና?» ብለው ጠየቁን። ጽፏል አልናቸው፤ ዳግመኛ ለማጥራት የፈጀበት ዘጠኝ ቀን ነው። «እንግዲያማ ጣቱ ተምሯል» አሉ። አንባብያን ሆይ፣ የእናንተ ጣት ያለ ሦስት ሳምንት ኪሣራ ይማር ዘንድ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሥራችሁን በሌላ ቦታ ቀድታችሁ አስቀምጡ፤ ነገ ደግሞ ከላይ ከዘረዘርናቸው አንዱን መርጣችሁ ጀምሩ።