የተረከዝ ጠብታ

በሸዋ ሮቢት ሆስፒታልም ይሁን በይፋት ቆላ ጤና ጣቢያዎች ሕጻን ሲወለድ አዋላጇ ብዙ ሥራ አለባት። ትመዝነዋለች፣ ሙቀቱንና አተነፋፈሱን ታያለች፣ ዓይኑን ቴትራሳይክሊን ትቀባዋለች፣ ቫይታሚን ኬ ትወጋዋለች። ከ2,500 ግራም በታች የሆነውን ወይም በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ የሚተነፍሰውን ለይታ ትከታተላለች። በዓይን የማይታይ ሕመም ግን አለ።

የታይሮይድ ዕጢው በትክክል ያልተፈጠረ ወይም አቅም ያነሰው ሕጻን ሲወለድ ደህና ይመስላል፤ በማሕፀን ሳለ የእናቱ ሆርሞን ደርሶለታልና። ምልክቱ የሚመጣው ቀስ እያለ ነው፦ እንቅልፍ ይበዛበታል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ለቅሶው ይጎረንናል፣ የዓይኑና የቆዳው ቢጫነት አልለቅ ይላል። ቢጫነቱ የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ሥራ ሥር ሲፈለግለት፣ እንቅልፋሙም «ጨዋ ልጅ» ሲባል አእምሮው የሚያድግበት ጊዜ ያልፋል። አንጀት የሚበላው መድኃኒቱ ቀላል መሆኑ ነው፤ በየቀኑ ተፈጭታ የምትሰጥ ሌቮታይሮክሲን እንክብል ናት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተጀመረች ልጁ አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኩዮቹ ያድጋል። በዓለም ላይ ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑ ሕጻናት አንዱ ይህ ችግር ኖሮበት ይወለዳል።

ችግሩን ቀድሞ የሚያገኘው ከተረከዝ የሚወሰድ የደም ጠብታ ነው። ዘዴውን አሜሪካዊው ሮበርት ጉትሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ፊኒልኬቶኑሪያ ለሚባል ሌላ በሽታ አመጣው፤ ኋላ ለታይሮይድም ዋለ። የሚወጋው የተረከዙ ጎን ነው፤ መሐሉ ላይ አጥንቱ ቅርብ ነው። የመጀመሪያው ጠብታ በደረቅ ጎዝ ይጠረጋል፤ ቀጣዩ ወፍራም ወረቀት ላይ የታተመውን ክብ እስኪሞላ ይንጠባጠባል። ወረቀቱ ፀሐይ ሳያገኘው ለሰዓታት ተጋድሞ ይደርቃል። እንደ ይፋት ባለ ሞቃት አገር ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ የደረቀ ደም በረዶ ሳያስፈልገው ሩቅ ላቦራቶሪ ይደርሳል።

ሕጻኑ እንደተወለደ የሆርሞን መጠኑ ስለሚያሻቅብ፣ ናሙናው ከ48 ሰዓት በኋላ ቢወሰድ ይመረጣል። ውጤቱ ጥርጣሬ ካሳየም ሕመሙ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ከደም ሥር ተቀድቶ እንደገና ይመረመራል።

በአገራችን ይህ ማጣሪያ ለሁሉም ሕጻን የሚሰጥ መደበኛ አገልግሎት ገና አልሆነም። ወረቀቱ ግን ለነርሶቻችን እንግዳ አይደለም፤ ኤችአይቪ በደማቸው ካለ እናቶች የተወለዱ ሕጻናት በ6ኛው ሳምንት ገደማ የሚመረመሩት በዚሁ ዲቢኤስ በሚሉት ወረቀት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም አራሷን በ3ኛው ቀን እንድትጎበኝ መመሪያው ያዛል፤ ለተረከዝ ጠብታ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ስለዚህ ማጣሪያውን ለመጀመር ከባዶ መነሳት አያስፈልግም፤ ጤና ቢሮው ሊያስብበት ይገባል።

እስከዚያው አራስ ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ ቢጫነቱ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ ወይም ሁለት ሳምንት አልፎት ካልለቀቀ፣ ወይም ሕጻኑ ጡት ለመጥባት ከሰነፈ፣ ክርስትናውን ወይም አርባውን ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የታይሮይድ ምርመራ የት እንደሚገኝም ጠይቁ።