ሴት አኩሪ የምትወደው ጥግ

በየግቢው አጥር ሥር የሙዝ የሚመስል ሰፊ ቅጠል ይዛ፣ አናቷ ላይ ቀይ ወይም ብጫ አበባ ደርድራ የምትቆመውን ተክል ያያት ብዙ ነው፤ ስሟን የጠየቀ ግን ጥቂት። ሴት አኩሪ ትባላለች፤ የችግኝ ነጋዴዎች ካና ቢሏትም ያው እሷው ናት። «ኢንዲካ» የሚለው የሳይንስ ስሟ የህንድ ቢያስመስላትም ትውልዷ ከሞቃታማው አሜሪካ ነው።

የህዳሴ ግድብ ያለበት ጉባ ይስማማታል። የግድቡ ሐይቅ ጢም ሲል የውሃው ወለል ከባሕር በላይ 640 ሜትር ብቻ ነው፤ የአገሩን ቆላነት ከዚህ መገመት ይቻላል። ውርጭ ባለበት አገር አትክልተኛው የብርዱ ወራት ሳይገባ ሥሯን ቆፍሮ ቤት ያስገባል። ጉባ ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ ፀሐዩንም ትወደዋለች። የሚጎዳት ጥማት ነው። ዝናቡ ጥቅምት ላይ ከሸሸ በኋላ ያሉት ረጅም ደረቅ ወራት ይፈትኗታል።

ስለዚህ ቦታ ሲመረጥ ከሚያምረው ጥግ የሚረጥበው ይቀድማል፦ ከቦኖው ሥር፣ የእቃ እጣቢ ከሚደፋበት አጠገብ። ሥሯ ረግረግ ይችላል፤ እንዲያውም ቆሻሻ ውሃ በተክል በሚጣራባቸው ኩሬዎች ሆን ተብላ ትተከላለች። በረኪና ያለበትን ውሃ ግን ወዲያ መድፋት ነው።

ሥሯ እንደ ዝንጅብል ጉብጉብ ያለ ነው (ዝንጅብልም፣ ሙዝም፣ እንሰትም የሩቅ ዘመዶቿ ናቸው)። ሁለት ሦስት ዓይን ያለው ቁራጭ ይበቃል። ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ፍግ በተቀላቀለ አፈር፣ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጎ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ አጋድሞ መቅበር፤ በቁራጮቹ መካከልም ግማሽ ሜትር መተው።

አበባዋ አታላይ ነው። ዓይን የሚስበው ቀይ ነገር የአበባ ቅጠል ሳይሆን ቅጠል መስሎ የሰፋ የወንዴ አካል ነው፤ እውነተኛዎቹ ቅጠሎች ከሥሩ ጠበብ ብለው ተሸሽገዋል።

አብቦ የጨረሰ ግንድ ዳግም አያብብም። ሰው ግን ይሳሳለታል፤ እኔም እሳሳ ነበር። ከመሬት አስጠግቶ መቁረጥ ነው፤ ተተኪው ከጎኑ ብቅ ይላል። በሦስት ዓመት አንዴ ሥሩ ሲጨናነቅ ነቅሎ መከፋፈል ይበጃል፤ ለጎረቤት የሚተርፈውም ያኔ ነው። ቅጠሉ ላይ ብጫ ሰንበር ከበዛ ቫይረስ ይጠረጠራል፤ መድኃኒት ስለሌለው ተክሉን ነቅሎ ማስወገድ፣ ቢላውንም ሌላውን ሳይነኩ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ዘሯ ጥቁር፣ ድቡልቡል፣ እንደ ጠጠር የጠነከረ ነው፤ መቁጠሪያ ይሠራበታል። አርጀንቲና ውስጥ ከጥንት መቃብር በተገኘ የዋልነት ቅርፊት ቃጭል ውስጥ የነበረ አንድ የካና ዘር 600 ዓመት ገደማ ቆይቶ በቅሏል። ያን ያህል መጠበቅ የማይፈልግ ሰው ቅርፊቱን ሻካራ ድንጋይ ላይ ፍቆ፣ ነጩ ብቅ ሲል ዘሩን ውሃ ውስጥ ያሳድረው።